1888 የሚል ጠመንጃ ሁሉ ዐድዋ አልዋለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና እስኪፈላ አንብቡት። የካቲት 23 ከመድረሱ በፊት ልጻፈው ብዬ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ዓመት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ግማሹ ምክር ነው፣ ግማሹ ኑዛዜ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። "ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለኝ። የአያቱ ቤት እዚሁ ከቡኢ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የኖረ አሮጌ ጠመንጃ አለ። ለመስቀል ዘመድ አዝማድ ሲሰባሰብ አንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ሄደ፤ አዲስ አበባ ለሆነ ደላላ አሳየው። ደላላው "የዐድዋ ከሆነ ጥሩ ያወጣል" አለ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ይሸጥ ይላል፣ ግማሹ የአያታችን አጥንት ነው አይነካም ይላል።

"ምን ተጽፎበታል?" አልኩት።

"ቁጥር ሞልቶበታል ቲቸር። አንድ ቦታ 1874 ይላል፣ አንድ ቦታ 1877፣ ሌላ ደግሞ 80 የሚል አለ። የቱ ነው ትክክለኛው? የዐድዋ ነው ብለው ቢጽፉልን እኮ ጭቅጭቁ ያልቅ ነበር።"

ቶሎ አልመለስኩለትም። "ብለው ቢጽፉልን" የምትለዋን ቃል ስሰማ የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳስተምር በነበርኩበት ጊዜ የዐድዋን በዓል ምክንያት በማድረግ አንዲት ትንሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተን ነበር። ጋሻ፣ ጦር፣ የጥንት ብርሌ፣ የብራና መጽሐፍ፣ ከየቤቱ የተገኘው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዲት ተማሪዬ አጎቷን አስፈቅዳ የቤታቸውን ጠመንጃ አስመጣች። አገላብጬ አየሁት፤ በርሜሉ ላይ 1888 ይላል። የጣልያን ፊደልም አለበት። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ጣልያን፣ 1888፣ ዐድዋ! ካርቶን ቆርጬ በማርከር "በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከጣልያን የተማረከ ጠመንጃ" ብዬ ጻፍኩና ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

በማግስቱ የልጅቷ አያት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በዱላ ተደግፈው፣ የቤታቸውን ጠመንጃ ሊያዩ። ልጅቷ ካርቶኑን አነበበችላቸው። እሳቸውም "ይሄ እኮ አባቴ ራስ ደስታ የሞቱ ዓመት ያመጣው ነው" አሉ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እማማ፣ ዓመቱ እኮ ላዩ ላይ ተጽፏል" አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ትንሽ ካርቶኑን ተመለከቱና "እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ" ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ራሱ "የዐድዋው ጠመንጃችን" ማለት ጀመረ። የዐድዋ ከሆነማ ማማር አለበት ተባለና ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ እንጨቱ ቫርኒሽ ተቀባ። 1888ን ብቻ በጥንቃቄ ትተዋል፤ ያቺ ቁጥር ክብራቸው ናታ። ሌላው ፊደል፣ ሰደፉ ላይ የነበረው ክብ ማኅተም፣ ሁሉም ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ ድሮ ጠመንጃ የሚጽፉ መጻሕፍትን ማንበብ ያዝኩ። አንድ መስቀል ያቺ ተማሪዬ፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ክትፎ ጋበዘችኝ። ጠመንጃው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። አወረድነው፤ ጥይት እንደሌለው ደጋግሜ አየሁ። ከዚያ የልጇን እርሳስ ተውሼ በአፈሙዙ ልከት ሞከርኩ። አልገባም አለኝ።

"ታዲያ ባይገባስ?" ትሉ ይሆናል። ዐድዋ ላይ የጣልያን ወታደር በብዛት ይዞት የነበረው ቬተርሊ የሚባለው ጠመንጃ ነው። ጣልያኖች ካርካኖ የሚባለውን አዲሱን የ1891 ሞዴል ጠመንጃ በአገራቸው ማደል ጀምረው ነበር፤ ወደ አፍሪካ ለላኩት ጦር ግን በብዛት የሰጡት አሮጌውን ቬተርሊ ነው። የቬተርሊ ጥይት ወፍራም ነው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር። እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያ አፈሙዝ ዘው ብሎ መግባት ነበረበት። በብርሃን አስጠግቼ ሳየው አፈሙዙ ላይ ቀለበት አለ፤ በርሜሉ ውስጥ ሌላ ቀጭን በርሜል ተሰክቷል። ካዝናውም የመጀመሪያው አይደለም፣ ተለውጧል።

ይህ የታወቀ ሥራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣልያን ጠመንጃ ሲያጥራት መጋዘን ውስጥ የነበሩትን አሮጌ ቬተርሊዎች አውጥታ በርሜላቸውን በመሰርሰር ውስጡ ቀጭን ቱቦ ከተተችበት፤ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ ካዝናቸውን ቀየረች። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፣ በእኛ 1907 ወይም 1908። ከዐድዋ 20 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ዐድዋ ላይ የተማረከ ጠመንጃ ተመልሶ ጣልያን ሄዶ፣ በርሜሉ ተቀይሮ፣ እንደገና ቡኢ ሊመጣ አይችልም። ይህ ጠመንጃ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

1888ቷስ? እሷ የፈረንጅ ዓመት ናት፤ በእኛ 1880 ወይም 1881። በርሜሉ የተሠራበት ዓመት ነው። ከዐድዋ ጋር የተገናኘችው በአጋጣሚ ነው።

አሁን እማማ ያሉትን አስታውሱ። "ራስ ደስታ የሞቱ ዓመት።" ራስ ደስታ ዳምጠው ከጎገቲ ውጊያ በኋላ እዚሁ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የተገደሉት የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ያ ጊዜ የጣልያን ጦርና አብረውት የዘመቱት የቅኝ ግዛት ወታደሮች በዚህ አገር የሞሉበት፣ ውጊያ የነበረበት፣ ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ጊዜ ነው። ብረቱ የሚናገረውና እማማ የተናገሩት አንድ ነው። ማንበብ ያልቻልኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ፊደል የቆጠርኩት።

እማማ ግን ይህን ሳይሰሙ አርፈዋል። አባታቸው ጠመንጃውን ከማን እጅ፣ የት፣ ከማን ጋር ሆነው እንዳገኙት የጠየቃቸው የለም። እኔ መጠየቅ የምችልበት ቀን ነበረኝ፤ "ላዩ ላይ ተጽፏል" ብዬ ዘጋሁት። ያ ቤተሰብ የአንድ አርበኛ ታሪክ ነበረው፤ እኔ ወስጄ የዐድዋ ቁጥር ሰጠሁት።

ስለዚህ ሐሳቤን ልናገር። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአዳራሹ፣ በየፌስቡኩ አሮጌ ጠመንጃ ይወጣል፤ ሁሉም "ዐድዋ የዋለ" ነው። ይህን ልማድ ማቆም ያለብን ይመስለኛል። ዐድዋን ለማሳነስ አይደለም። ዐድዋ የሐሰት ምስክር የማያስፈልገው እውነት ስለሆነ ነው።

ብረት እንዴት እንደሚነበብ እኔ በስሕተት የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱ።

አንደኛ፣ ስሙን ጠይቁ። አባቶቻችን ለጠመንጃ የሰጡት ስም ራሱ መዝገብ ነው። ውጅግራ የምንለው "ፉዚል ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የ1874 ሞዴል የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ ግራ የሠሪው መኮንን ስም ነው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲመጣ ይዞት የመጣው። ለበን የፈረንሳዩ ሌብል ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ቤልጅግ ስሙ እንደሚናገረው የቤልጅየም ነው። ሽማግሌ "ውጅግራ ነበረን" ካለ አገሩንና ሞዴሉን ነገራችሁ ማለት ነው። ችግሩ ስሙ አንዳንዴ ይሰፋል፤ በአንዳንድ ቤት አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ውጅግራ ይባላል። ስለዚህ ስሙን ስሙ፣ ከዚያ ብረቱን እዩ።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ዓመት አይደለም። ሞዴሉ የወጣበት ዓመት አለ። ያ ጠመንጃ የተሠራበት ዓመት አለ። የታደሰበት ወይም የተሻሻለበት ዓመት አለ። የአሜሪካው ሬሚንግተን ደግሞ ከመዝጊያው በስተኋላ ባለው ብረት ላይ የተደረደሩ ቀኖች አሉት፤ ብዙ ሰው የተሠራበት ቀን ይመስለዋል። የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀኖች ናቸው እንጂ ጠመንጃው የተወለደበት ቀን አይደሉም። የመለያ ቁጥርም አለ፤ አንድ ጊዜ 1896 የሚል የመለያ ቁጥር "የዐድዋ ዓመት በፈረንጅ" ተብሎ ሲተረክ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ምልክት ያዙ። አንድ ጠመንጃ አምስት ዓመተ ምሕረት ቢኖረው እኛ አገር የገባው ከአምስቱ ከዘገየው በኋላ ነው። 1888ን አይቼ አዲሱን ቱቦ ሳላይ የቀረሁት ይህን ባለማወቄ ነው።

አራተኛ፣ የፈረንጅ ዓመት መሆኑን አትርሱ። አውሮፓ የተሠራ ብረት ላይ ያለ ዓመት የእኛ አይደለም፤ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። ይቺ ብቻ ብትታወቅ የስንቱ ቤት "1888" ትስተካከል ነበር።

አምስተኛ፣ አፈሙዙን እዩ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌብል ካወጡ በኋላ የዓለም ጠመንጃ ሁሉ ቀጠነ። ከዚያ በፊት 11 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ወደ 8፣ ወደ 7፣ ወደ 6.5 ወረደ። ስለዚህ ሰፊ አፈሙዝ ካያችሁ የጥንቱ የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው፤ ጠባብ ካያችሁ ከዚያ ወዲህ ነው፣ ወይም እንደዚያ እንደኛው ቬተርሊ ተቀይሯል።

ስድስተኛ፣ ፊደሉን እዩ። የዐረብ ፊደልና ቁጥር ያለበት ሬሚንግተን የግብፅን መንገድ ይጠቁማል። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ብዙ ሬሚንግተን ተማርኳል። የሩስያ ፊደል ካለበት በርዳን ሊሆን ይችላል፤ ሩስያ ለአፄ ምኒልክ መሣሪያ ከላኩት አንዷ ናት። ከዓመቱ አጠገብ እንደ XIV ያለ የሮማ ቁጥር ያለበት የጣልያን ጠመንጃ ከሆነ ያ የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ይቆጠራል። 14ኛው ዓመት ከ1935 መጨረሻ እስከ 1936 ያለው ነው፤ አገራችን የተወረረችበት። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት ቤልጅግ ደግሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ያስመጣው ነው።

ምልክት አለመኖሩም ራሱ ወሬ ነው። ጀርመን በ1927 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በስውር የሰጠችው መሣሪያ የፋብሪካ ምልክቱ ተፍቆ እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ያ ጠመንጃ እጁ ላይ የደረሰ ሰው "ባዶ ነው፣ ምንም አይናገርም" ብሎ ይጥለው ይሆናል። ባዶነቱ ነው የሚናገረው።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ወደ አገራችን የገባው ጠመንጃ አብዛኛው ሲገባም አሮጌ ነበር። አውሮፓ አዲስ ሲሠራ ያረጀውን ለነጋዴ ይለቃል፣ ነጋዴው በቀይ ባሕር በኩል ያመጣል። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ያመጣቸው ጠመንጃዎች ራሳቸው ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ። ስለዚህ የተሠራበት ዓመት የገባበት ዓመት አይደለም፣ የገባበት ዓመት የተዋጋበት ዓመት አይደለም፣ የተዋጋበት ዓመትም ምሰሶው ላይ የተሰቀለበት ዓመት አይደለም። በመካከሉ ስንት ሰው ይዞታል!

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። "ቲቸር፣ አንተ ደግሞ! ሕዝቡ በዐድዋ ይኩራ፣ ምን አገባህ? ደግሞ ማን ነው የሚመረምረው?" ይሉኛል። ሌላው ደግሞ "ዋናው መንፈሱ ነው" ይላል።

መልሴ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሁሉን ጠመንጃ ዐድዋ ከሰደድነው ሌላውን ታሪክ የት ልናገኘው ነው? በጉራጌ ምድር ጠመንጃ የገባው በብዙ በር ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የራስ ጎበና ጦር ከሐሰን እንጃሞ ጋር ሲዋጋ ጠመንጃ ነበር፤ ያ ጠመንጃ ለአንዱ አያት ድል ነው፣ ለሌላው አያት ሐዘን ነው። ለመሬት፣ ለግብር፣ ለሹመት የተያዘ ጠመንጃ ነበር። በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራ ከጠላት የተነጠቀ ነበር። ለጥጃና ለእንሰት ማሳ ጥበቃ ከገበያ የተገዛም ነበር። "ዐድዋ" የሚል ካርቶን ሁሉም ላይ ስንለጥፍ የሚመቸንን እያስቀረን የማይመቸንን እየሸፈንን ነው። በተለይ አምስቱን ዓመት በጫካ ያሳለፉትን አርበኞች በልጅ ልጆቻቸው ቤት ውስጥ እያስረሳናቸው ነው። እኔ አንዱን አስረስቻለሁ።

ሁለተኛው መልስ እዚሁ ደጃችን ነው። የጢያን ትክል ድንጋይ የማያውቅ የሶዶ ልጅ የለም፤ በትምህርት ቤት ጉዞ ስንቶቻችሁን ይዤ ሄጃለሁ! ድንጋዮቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ "የግራኝ ድንጋይ" ይላቸዋል፤ ትልቅና አስደናቂ ነገር ሲታይ ለግራኝ መስጠት ልማድ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ሥራቸው ያሉትን መቃብሮች ሲመረምሩ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ ሆነው ተገኙ። ታዲያ ድንጋዮቹ ከግራኝ ስለተለዩ ምን ጎደለባቸው? በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። እንዲያውም ጥያቄው ተከፈተ፦ ግራኝ ካልሆነ ማን? ያ ጥያቄ ነው እስከዛሬ ተመራማሪ የሚያመጣልን። "የግራኝ ነው" ብለን ብንዘጋው ኖሮ ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ጠመንጃም እንደዚያ ነው። "የዐድዋ ነው" ብላችሁ ስትዘጉት የሚጠይቅ አይኖርም። "የማን ነበር? ከየት መጣ?" ስትሉ ነው እናት የምታወራው፣ አጎት የሚጨምረው፣ የጎረቤት ሽማግሌ የሚያርመው።

ወደ ደወለልኝ ተማሪዬ ልመለስ። ፎቶ ላከልኝ። ውጅግራ ነው። ጎኑ ላይ ሴንት ኤትየን የሚለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም አለ። 1874 ሞዴሉ ነው፤ 1877 በርሜሉ የተሠራበት ነው፣ በእኛ 1869 ወይም 1870። "ኤም 80" የምትለዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1880 በወጣው ማሻሻያ መሠረት የታደሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከፈረንሳይ የወጣው ከ1872 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ዐድዋ ላይ ውጅግራ በብዛት ነበር፤ ይህኛው ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ብረቱ ከዚህ በላይ አይናገርም።

"ስለዚህ ምን ብለን እንጻፍ ቲቸር?" አለኝ።

"ቤታችሁ ውስጥ ምን ይባላል? አያትህ ምን ይሉ ነበር?" አልኩት።

ትንሽ አመነታ። "እሱማ... አያቴ ሁለት በሬ ሰጥቶ ነው የገዛው ይባላል። ግን ይሄ ይነገራል እንዴ?"

ለምን አይነገርም! በሬ ማለት ለገበሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለት በሬውን፣ ጥማዱን ሙሉ፣ ለአንድ አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ የሰጠ ገበሬ ምን ፈርቶ ነው? ከማን ሊጠብቅ? በማን ዘመን? ይህ ከዐድዋ ያነሰ ጥያቄ አይደለም። ቤተሰቡ ግን ጀግንነት የለበትም ብሎ አፍሮበት ሊቀብረው ነበር። ደላላው የሚፈልገው ቃል ስላልሆነ ብቻ።

አደራ የምላችሁ እንግዲህ ይህን ነው።

ጠመንጃውን ከመንካታችሁ በፊት ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥ። አሮጌ ነው ብላችሁ አትቀልዱበት፣ ለመተኮስም አትሞክሩ። አትፈግፍጉት፣ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ዝገቱን በደረቅ ጨርቅ ከማበስ አትለፉ። ፎቶ አንሱት፦ በርሜሉን ከሥሩ፣ ጎንና ጎኑን፣ ሰደፉን፣ አፈሙዙን። ፎቶውን ግን እዚህ አስተያየት መስጫው ላይ አትለጥፉ፤ ማን ቤት ምን እንዳለ ለሌባና ለደላላ ማሳየት ነው።

ሕጉንም አትርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ "የአያቴ ነው" ማለት ፈቃድ አይሆንም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992ም አለ። ከወረዳው ፖሊስና ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በግልጽ ጠይቁ። በጓሮ በኩል ለደላላ ከሄደ ግን ጠመንጃው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ የማን እንደነበር የሚያውቀውም ሰው ከጠመንጃው ይለያል። ያኔ ብረት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከሁሉ በላይ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል አይደል? ለቲክቶክ ብቻ አይደለም የተሠራው። "መቼ ነው?" ስትሏቸው ዓመተ ምሕረት አይነግሯችሁም፤ "እገሌ የሞተ ዓመት"፣ "አንበጣ የመጣ ጊዜ"፣ "መንገዱ የወጣ ሰሞን" ይሏችኋል። አትሳቁ። እኔ ስቄ ያጣሁትን አይታችኋል። የሚሉትን እንዳለ ጻፉ፣ ዓመቱን በኋላ እናንተ ትፈልጉታላችሁ።

ለበዓሉ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጁ መምህራን ደግሞ ካርቶኑ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ። አንድ፦ ብረቱ የሚለው። ሁለት፦ ቤተሰቡ የሚለው። ሦስት፦ እኛ የምንገምተው። ሦስቱን አትቀላቅሉ። ተማሪ ታሪክ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያች ካርቶን ይማራል፤ እኔ በክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከደረስኩት በላይ።

ያችን ቬተርሊ በተመለከተ፣ ከተማሪዬ ጋር ሆነን አዲስ ወረቀት ጻፍን፣ ጠመንጃው ከተሰቀለበት አጠገብ ተለጥፏል። እንዲህ ይላል፦

"የጣልያን ቬተርሊ። በርሜሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1888፤ ከ1915 በኋላ ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ተቀይሯል። የቤቱ ትልቅ እናት እንደተናገሩት አባታቸው ራስ ደስታ የሞቱ ዓመት፣ በ1929 ዓ.ም. ያመጡት ነው። ከዚህ ቀደም የዐድዋ ነው ተብሎ የተጻፈው የመምህሩ ስሕተት ነው።"

የመጨረሻዋን መስመር "ይቅር ቲቸር፣ ምን ያደርጋል" ብላኝ ነበር። ይጻፍ አልኩ።

መልካም የዐድዋ በዓል። ቤታችሁ የሚነገረውን፣ በሬ የተሰጠበትንም ቢሆን፣ እዚህ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።